ትምህርት በመጀመሬ የታገደው የሥራ አጥነት ክፍያ እንዴት እንደተለቀቀ

አሜሪካ ውስጥ በተለምዶ አንኢምፕሎይመንት የምንለውን ክፍያ እየተቀበልኩ ሳለ፣ በሳምንታዊው ቅጽ ላይ ትምህርት መጀመሬን ስለገለጽኩ ክፍያው ታገደ፤ ገጹም ላይ «ፔንዲንግ» (ውሳኔ በመጠበቅ ላይ) ከሚለው ቃል በቀር ምንም አይታይም ነበር።

በመጀመሪያ ስልክ ደወልኩ፤ ጉዳዩ በመታየት ላይ ነው ከመባል ያለፈ መልስ አላገኘሁም። ቀጥሎ ሥራ ያመለከትኩባቸውን ድርጅቶች ዝርዝርና የኮሌጁን የክፍያ ደረሰኝ ላክሁ። እነዚህም አልረዱም፤ ምክንያቱም እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው የፌዴራል ሕግ መሥራት መቻልን፣ ለሥራ ዝግጁ መሆንንና ሥራን በትጋት መፈለግን ለየብቻ የሚጠይቅ ሲሆን፣ የእኔ ጉዳይ የተያዘው በሁለተኛው ነበር። ደረሰኝ ደግሞ ስንት እንደተከፈለ እንጂ በስንት ሰዓት እንደሚማሩ አይናገርም።

ያስለቀቀው አንድ ገጽ ደብዳቤ ነው። ትምህርቱ ማክሰኞና ሐሙስ ከምሽቱ 6 እስከ 9 ሰዓት መሆኑን (ሰዓቱ በአሜሪካ አቆጣጠር መጻፍ አለበት)፣ በቀሪው ጊዜ ሁሉ ቅዳሜና እሑድን ጨምሮ መሥራት እንደምችል፣ የሚመጣው ሥራ ከክፍሉ ጋር ከተጋጨም ትምህርቱን እንደምተው ገለጽኩ። ኮሌጁ ያተመውን የክፍለ ጊዜ ሰሌዳ አያይዤ፣ በየገጹ የማመልከቻ ቁጥሬን ጽፌ፣ በአጠቃላይ የመልእክት ሳጥን ሳይሆን ጥያቄው በተነሣበት ማስታወቂያ ሥር በፒዲኤፍ ጫንኩት።

በእገዳው ወቅት ሳምንታዊውን ቅጽ ሳላቋርጥ ስለሞላሁ የተያዙት ሳምንታት በአንድነት ተከፈሉ። የክልከላ ደብዳቤ የደረሰው ሰው ግን ይግባኙን እዚያው ላይ ከተጻፈው ቀን ሳያሳልፍ ማስገባት ይኖርበታል፤ የአማርኛ አስተርጓሚም በነጻ መጠየቅ ይችላል።