ድስት ስትገዙ ቁሌቱን አስቡ

የእህቴ ልጅ ባለፈው ጥር ተዳረች። ጎጆ የወጣችው እዚሁ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ነው። ከሠርጉ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ መጥታ «አክስቴ፣ የወጥ ቤት ዕቃ ልገዛ ነው፣ አብረሽኝ ውጪ» አለችኝ። 23 ዓይነት ዕቃ በወረቀት ጽፋ ይዛለች። አነበብኩትና አምስቱን ብቻ ትቼ ሌላውን ሰረዝኩት። ፊቷ ቅጭም አለ። ቡና እየጠጣን ያስረዳኋት፣ በኋላም ከሱቅ ሱቅ ስንዞር ያሳየኋት ነገር ጎጆ ለሚወጣ ሁሉ ይጠቅማል ብዬ ስለማምን እንዳለ ልጻፈው።

መጀመሪያ ያልኳት ይህን ነው፦ «ልጄ፣ ወረቀቱን ተይውና ባለፈው ሳምንት የበላችሁትን ንገሪኝ።» ሽሮ አራት ቀን፣ ምስር ወጥ፣ ጎመን፣ እሑድ የዓሣ ጥብስ፣ ጠዋት ጠዋት ፍርፍር ወይም እንቁላል። የብዙዎቻችን ቤት ከዚህ አይርቅም። «በምንድን ነው የምታበስይው?» አልኳት። በኤሌክትሪክ ምድጃ፤ መብራት ሲጠፋ በከሰል። ዕቃ የሚመረጠው ከእነዚህ ሁለት መልሶች ተነሥቶ ነው። ድስቱ ምድጃም ላይ ከሰልም ላይ መዋል አለበት። እጀታው ፕላስቲክ ከሆነ ከማንደጃው ዳር ዳር የሚወጣው ወላፈን ያቀልጠዋል።

ይህን የተማርኩት ከስሬ ነው። ከዓመታት በፊት ከአንድ ሱቅ አሥር ፍሬ የሚያብረቀርቅ ድስት ከነክዳኑ ገዛሁ። ሻጩ «የዕድሜ ልክ ዕቃ ነው» ብሎኝ ነበር። የፋሲካ ዋዜማ ለዶሮው 3 ኪሎ ሽንኩርት ከትፌ በትልቁ ጣድኩ። ሽንኩርቱ ገና ውሃውን ሳይጨርስ መብራት ሄደ፤ ወደ ከሰል አዛወርኩት። ሩብ ሰዓት ሳይቆይ የፕላስቲክ ሽታ ቤቱን ሞላው፣ አንዱ እጀታ ለሰለሰና ጎበጠ። በጨርቅ ይዤ አውርጄ ሽንኩርቱን በማማሰያ ገለጥ ሳደርገው፣ ታቹ ላይ የከሰሉን ቅርጽ የያዘ ጥቁር ክብ አየሁ። ዳር ዳሩ ገና ነጭ ነው፣ መሐሉ አርሯል። ያረረ ቁሌት ደግሞ መድኃኒት የለውም፤ በርበሬ ብትጨምሩበት፣ ቅቤ ብታፈሱበት ምሬቱ አይለቅም። በዚያ ሌሊት የጎረቤት በር አንኳኩቼ ሽንኩርት ለመንኩ።

ከዚያ ወዲህ ድስት የምመዝነው በቁሌት ነው። የእኛ ሽንኩርት ያለ ዘይት፣ በራሱ ውሃ ብቻ፣ ለረጅም ጊዜ ይቁላላል። ውሃው ሲያልቅ የሽንኩርቱ ስኳር መቅላት ይጀምራል፤ እዚያ ላይ ከድስቱ ታች አንድ ቦታ ከሌላው በልጦ ከጋለ ያ ቦታ ያራል። ወፍራም ታች ሙቀቱን ወደ ጎን ያዳርሳል፤ ቀጭን ታች እሳቱ ባለበት ብቻ ይግላል። የብረቱም ዓይነት ለውጥ አለው። አሉሚኒየም ሙቀት በማስተላለፍ ስቴንለስ ስቲልን 15 ጊዜ ያህል ይበልጠዋል። ስለዚህ ስስ የሆነ ስቴንለስ ብቻውን ለወጥ አይሆንም፤ ታቹ ላይ ወፍራም የአሉሚኒየም ንጣፍ ያለበትን ፈልጉ። ድስቱን ገልብጣችሁ ከጎን ስታዩት ንጣፉ እንደ ትልቅ ሳንቲም ተለጥፎ ይታያል። 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ከወፈረ ለቁሌት ይበቃል።

ሱቅ ገብታችሁ ድስቱን በዓይን ብቻ አይታችሁ አትግዙ። አንሡት፤ ለመጠኑ ከቀለለ አስቀምጡት። በጣታችሁ ጀርባ ታቹን መታ መታ አድርጉት፤ ቀጭኑ እንደ ቆርቆሮ ይንጫጫል፣ ወፍራሙ ድምፁን ዋጥ አድርጎ ዱም ይላል። ከዚያ መታወቂያችሁን አውጡና ጠርዙን በተገለበጠው ድስት ታች ላይ አቁሙት። በመሐል ፀጉር የምታህል ብርሃን ብታልፍ ግድ የለም፣ ሲሞቅ ትስተካከላለች። ታቹ ወደ ውጭ ያበጠ ከሆነ ግን ተዉት፤ የኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ሲሽከረከር ይኖራል፣ ሙቀትም እኩል አያገኝም። እኔ የወጥ ቤት ጨርቅ በቦርሳዬ ይዤ ነው የወጣሁት። እጄን በጨርቁ ጠቅልዬ እጀታው ውስጥ ሳስገባ ሻጩ ግራ ገብቶት ያየኝ ነበር። 6 ሊትር የሚይዝ ድስት ሲሞላ ከነራሱ ክብደት 8 ኪሎ ሊደርስ ይችላል፤ ያን የሚያወርድ እጅ ከነጨርቁ መግባት ካልቻለ አንድ ቀን ሰው ይቃጠላል። እጀታው በወፍራም ሪቬት የተመታ ወይም በደንብ የተበየደ መሆኑን እዩ፤ በብሎን ብቻ የተያዘው በጊዜ ይላላል።

የስቴንለስ ድስት ታች ላይ 18/10 የሚል ጽሑፍ ብታዩ ብረቱ ውስጥ 18 በመቶ ክሮሚየም፣ 10 በመቶ ኒኬል አለ ማለት ነው፤ ዝገትን በደንብ ይቋቋማል። 18/0 ኒኬል የለውም፤ እርጥብ አድርጋችሁ ካላሳደራችሁት እሱም ያገለግላል። «ማግኔት ከያዘው ውሸት ነው» የሚሉ ሰዎች አሉ። ይህ ልክ አይደለም፤ ለኢንደክሽን፣ ማለትም ድስቱን በማግኔት ኃይል ለሚያግል ምድጃ፣ የተሠራ ድስት ታቹ ሆን ተብሎ ማግኔት እንዲይዝ ይደረጋል።

ወፍራም የአሉሚኒየም ድስት ለቁሌት በጣም ጥሩ ነው፣ ዋጋውም ይቀላል። ሁለት ነገር ብቻ ልብ በሉ። ቲማቲም፣ ሎሚ ወይም ኮምጣጤ የገባበትን ምግብ አታሳድሩበት፤ አሲዱ ብረቱን ይበላዋል፣ ምግቡም የብረት ጣዕም ይይዛል። ሁለተኛው ይብሳል፦ ከየትም ከተሰበሰበ ጥራጊ ቀልጦ በእጅ የተሠራውን ለምግብ አትግዙ። በካሜሩን በእንደዚህ ዓይነት ድስቶች ላይ የተደረገ ጥናት እርሳስ (ሊድ) የተባለውን መርዛማ ብረት ወደ ምግብ እንደሚለቁ አሳይቷል። እርሳስ በዓይን አይታይም፣ በምላስ አይለይም፣ የሚጎዳውም በተለይ ሕፃናትን ነው። እኔ ቤት አንድ ነበረ፤ አሁን የአበባ መትከያ ነው።

ወደ ሸክላ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ልቤ ያደላል። ሽሮ በሸክላ ድስት ሌላ ነው። ሸክላ ቀስ ብሎ ይሞቃል፣ ቀስ ብሎ ይቀዘቅዛል፤ ከእሳት ወርዶ ገበታ ላይ ከቀረበ በኋላ እንኳ ሽሮው ጧ ጧ እያለ ይቆያል። የእህቴን ልጅ ቅዳሜ ገበያ ወሰድኳት። የሸክላ ምርመራ ከብረት የተገላቢጦሽ ነው፦ ደህና የተተኮሰ ሸክላ በጣት ሲመታ ጥርት አድርጎ ይጮኻል፤ ድምፁ የታፈነው ወይ አልበሰለም ወይ ስንጥቅ አለበት። ወደ ፀሐይ አንሥታችሁ ውስጡን እዩ፣ በአውራ ጣታችሁ አፉን ዙሩት። ብዙውን ጊዜ የምትሸጠው ራሷ የሠራችው ሴት ናት፤ «ለእሳት ነው ወይስ ለማቅረቢያ?» ብላችሁ ጠይቋት፣ ትነግራችኋለች። እኛም ጠየቅን፤ ያነሣሁትን ከእጄ ተቀብላ «ይኼ ለእሳት አይሆንሽም፣ እናቴ» አለችና ከኋላዋ ሌላ አወጣችልኝ።

ሸክላ ሳይሟሽ አይጣድም። እኔ አጥቤ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ አደርቀዋለሁ። ከዚያ ውስጡን ዘይት ቀብቼ አሳድራለሁ። በማግስቱ ዱቄት በውሃ ቀጠን አድርጌ በጥብጬ በለስላሳ እሳት አፈላበትና እዚያው እንዲቀዘቅዝ እተወዋለሁ፤ ዱቄቱ የሸክላውን ቀዳዳ ይደፍነዋል። ከዚያ በኋላ በሳሙና አይታጠብም፣ ሳሙናውን ይጠጣልና፤ ሙቅ ውሃና ማሻሻ ይበቃዋል። ሲግል ቀዝቃዛ ውሃ አታፍሱበት። የኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ የምትጥዱት ከሆነ ከዝቅተኛው ሙቀት ጀምሩ፤ ከሥሩ ጠፍጣፋ ብረት ብታስቀምጡለት ደግሞ ዕድሜው ይረዝማል።

ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሽምብራውና ባቄላው አልበስል እያለ ከሰል የሚጨርሰው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው፤ እሳት ብትጨምሩ ውሃው ቶሎ ያልቃል እንጂ ሙቀቱ ከፍ አይልም። ፕሬዠር ኩከር እንፋሎቱን አፍኖ ይዞ ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። ስለዚህ እሱን እንደ ቅንጦት አልቆጥረውም። 5 ወይም 6 ሊትር ይበቃል። የክዳኑ ጎማ መለዋወጫ እዚሁ ከተማ መገኘቱን ሳታረጋግጡ ገንዘብ አትክፈሉ፤ የእኔ የመጀመሪያው ደህና ብረት ሆኖ ሳለ በጎማ እጦት ዓመት ሙሉ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። ጥራጥሬ ሲሆን ከግማሽ በላይ አትሙሉት፣ እንፋሎቱ ሳይወጣም አትክፈቱት።

የዓሣው መጥበሻ የቀረው ነው። ቆሮሶ ከራስ እስከ ጭራው ተዘርግቶ መተኛት አለበት፤ 28 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ከባድ የብረት መጥበሻ ያዙ። ፈልገን ያገኘነው ሦስተኛው ሱቅ ነው። የእህቴ ልጅ የፈለገችው ግን የማያጣብቀውን ነበር። እሱም ለእንቁላል ጥሩ ነው፣ ለትኩስ ዘይትና ለከሰል ግን አይደለም። ሽፋኑ 260 ዲግሪ ከተሻገረ መበላሸት ይጀምራል፤ ባዶውን ከሰል ላይ የተረሳ መጥበሻ እዚያ ለመድረስ ብዙ ደቂቃ አይፈጅበትም። በብረት ጭልፋም ይፋቃል። ብረቱ መጥበሻ ግን ከእናንተ አልፎ ለልጃችሁ ይደርሳል፣ ውለታውን ከዋላችሁለት።

ውለታው ማሟሸት ነው። እናቶቻችን ምጣድ በጎመን ዘር የሚያሟሹት በከንቱ አይደለም፤ ዘይቱ ሲግል ይደርቅና እንደ ልባስ ይሆናል። መጥበሻውን አንድ ጊዜ በሳሙና አጥባችሁ እሳት ላይ አድርቁት። የኑግ ዘይት ጠብ አድርጋችሁ በጨርቅ ቀቡት፤ ከዚያ ምንም ያልቀባችሁ እስኪመስል ድረስ ጥረጉት። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው፦ ዘይቱ ከበዛ ልባሱ እንደ ሙጫ ይጣበቃል። ጭስ እስኪል አግሉት፣ ይቀዝቅዝ። ይህን አራት ጊዜ ደጋግሙት፤ ግራጫው ብረት ወደ ቡናማ፣ ከዚያ ወደ ጥቁር ይሄዳል።

አንዳንዶቹን ለምን እንደሰረዝኩባት ደግሞ ጠየቀችኝ። 30 ሊትሩን ድስት «ለክርስትና፣ ለዝክር» ብላ ነበር የጻፈችው። ያ ዕቃ በዕድር አለ። በዓመት ሁለት ቀን ለሚወጣ ድስት የአንድ ክፍል ቤት ጥግ አይሰጥም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሚዜዎቿ በስጦታ ደርሷታል። ስለዚህ የገዛነው 6 ሊትር የሚይዝ ታቹ ወፍራም ድስት፣ 2 ሊትር የምትይዝ ትንሽ ድስት ለሩዝና ለወተት፣ የሽሮ ሸክላ፣ ፕሬዠር ኩከርና የብረት መጥበሻ ነው። የ23ቱ ገንዘብ አምስቱ ላይ ሲውል ከየዓይነቱ ደህናውን መግዛት ተቻለ።

የመጀመሪያው እሑድ ማታ ደወለች።

«አክስቴ፣ ዓሣው መጥበሻው ላይ ተጣበቀብኝ። ቆዳው እዚያው ቀረ።»

«አጥበሽ አድርቀሽዋል?»

ዝም አለች።

«ልጄ፣ እርጥብ ዓሣ የትኛውም ብረት ላይ ይይዛል። ከታጠበ በኋላ በጨርቅ ውስጡንም ውጪውንም ጥረጊው፣ ጨውና ሎሚ ከነካሽው ደግሞ ጥቂት አቆይተሽ እንደገና ጥረጊው። መጀመሪያ መጥበሻው ይጋል፣ ከዚያ ዘይቱ፣ ከዚያ ዓሣው። ጣል ካደረግሽው በኋላ አትነካኪው፤ ሲበስል ራሱ ይለቅልሻል።»

«መጥበሻው ተበላሸ ማለት ነው?»

«አልተበላሸም። ለብ ሲል ደረቅ ጨው ነስንሺበትና በጨርቅ ፈትጊው፣ በውሃ ለቅለቅ አድርጊና እሳት ላይ አድርቂው። ዘይት በስሱ ቀብተሽ አንዴ አግይው። ነገ እንቁላል ጥበሺበት።»