ስለ ዛቢያ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ትልቁ ስህተት ወቅቶችን ከፀሐይ ርቀት ጋር ማያያዝ ነው። ባሕር ዳር ያደገ ተማሪ እንዲህ ቢያስብ አይፈረድበትም፤ ክረምቱ ገብቶ ሲቀዘቅዝ፣ ሰኔ መጨረሻ ላይ፣ መሬት በእርግጥም ከፀሐይ እጅግ ትርቃለች። ነገር ግን የገናን ሰሞን ያስታውስ። መሬት ለፀሐይ በጣም የምትቀርበው ያኔ ነው፤ የጣና ዳር ሌሊት ግን ጋቢ ያስደርባል። ወቅትን የሚያፈራርቀው የመሬት ዛቢያ፣ ማለትም የምትሽከረከርበት መስመር፣ 23.4 ዲግሪ ያህል ማዘንበሉ ነው። ክረምት የሚቀዘቅዘው ደመናው ፀሐይን ስለሚጋርዳት እንጂ ስለራቀች አይደለም። እንዲያውም ነሐሴ አጋማሽ ላይ ቀትር ሲሆን ፀሐይ በከተማዋ አናት ትክክል ትውላለች፤ ደመናው ሳይፈቅድልን ይቀራል እንጂ።

ዛቢያን በክፍል ውስጥ ሉል ላይ እንዳለው ብረት የሚቆጥሩም አሉ። ምናባዊ መስመር ነው፤ አቅጣጫውን ግን በዓይን መከተል ይቻላል። ባሕር ዳር በሐይቁ ደቡብ ዳር ስላለች፣ በጠራ ሌሊት ውሃውን አሻግሮ ወደ ጎንደር የሚመለከት ሰው የሰሜን ኮከብን ከአድማስ 11 ወይም 12 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ያገኘዋል። ይህ ከፍታ ከከተማዋ ኬክሮስ (ከምድር ወገብ ያላት ርቀት በዲግሪ) ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። ለተማሪ ከዚህ የተሻለ ማስተማሪያ አላውቅም።

መሬት በዛቢያዋ ላይ የምትሽከረከረው በ23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ነው። ፀሐይን የምትዞርበት መንገድ ግን ምህዋር ይባላል፤ ሁለቱ አይምታቱ።

በግራፍ ላይ ደግሞ ቋሚው ዛቢያ፣ ማለትም ዘንጉ፣ ከየት እንደሚጀምር ሳያዩ መፍረድ አለ። የጣና ወለል ከባሕር ጠለል በላይ 1,785 ሜትር አካባቢ ነው። ዘንጉ ከዜሮ ቢጀምር የዓመቱ ሙላትና ጉድለት ቀጥ ያለ መስመር ይመስላል፤ ከ1,784 ቢጀምር ያው ለውጥ ተራራ ያክላል። መረጃው አንድ ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ ቁጥሮቹ ይነበቡ።

በታሪክም ጣሊያን ኢትዮጵያን የወረረችው የአክሲስ (በእንግሊዝኛ ዛቢያ ማለት ነው፤ የጀርመን፣ የጣሊያንና የጃፓን ጎራ) አባል ሆና እንደነበር ሲጻፍ አነባለሁ። ወረራው የጀመረው ጥቅምት 1935 እ.ኤ.አ. ነው። ሙሶሊኒ የሮማና የበርሊንን ግንኙነት አውሮፓ የምትዞርበት ዛቢያ ብሎ የጠራው በኅዳር 1936 ሲሆን፣ ጃፓን የተጨመረችበት የሦስትዮሽ ውል የተፈረመው በ1940 ነው። ኢትዮጵያ የተወረረችው ያ ጎራ ስም ሳያገኝ ነው፤ ይህን ማሳሳት የመከራችንን ዘመን ማሳጠር ይሆናል።

የመነጽር ማዘዣ ላይ የአክሲስ ቁጥር 170 ሆኖ ሲያዩ የሚደነግጡም አሉ። ቁጥሩ አስቲግማቲዝም የሚባለውን የእይታ መዛባት የሚያርመው መስታወት የሚገጠምበት፣ ከ1 እስከ 180 ዲግሪ የሚሰጥ አቅጣጫ ብቻ ነው፤ የችግሩን ክብደት የሚናገረው አጠገቡ ያለው የሲሊንደር መጠን ነው። አዲስ መነጽር ነገሮችን አጣሞ ካሳየ ግን መስታወቱ በማዘዣው ዲግሪ መገጠሙን ማስመርመር ይገባል።