በቀን ስድስት የወይን እርሻ አይሞከርም፦ ከጓደኞች ጋር ቅምሻ ስትወጡ የማትደግሟቸው ስህተቶች

ባለፈው ሳምንት አንዲት ወዳጄ የዕረፍት ፕላኗን ላከችልኝ። አራት ቀን፣ ስድስት ጓደኛሞች፣ ሃያ ሁለት የወይን እርሻ። ሰንጠረዡ በቀለም ተለያይቷል። ምሳ ሃያ አምስት ደቂቃ ተሰጥቶታል። ከላይ ደግሞ በትልቁ «ፈታ የምንልበት ጉዞ» ይላል።

ስልኩን ገልብጬ አስቀመጥኩት። ይህን ሰንጠረዥ አውቀዋለሁ። በየዓመቱ ሌላ ሰው ጽፎት ይመጣል። መጀመሪያ የጻፍኩት ግን እኔው ነኝ። እንግዲህ ለእሷ የመለስኩላትን ትንሽ አስፍቼ ልጻፈው፤ ለሚቀጥለው ሰው ይህንኑ ልኬ እገላገላለሁ።

በቀን አምስትና ስድስት ቦታ መደርደር

አብዛኛው ጣጣ የሚመጣው ከዚህ ስለሆነ እዚህ ላይ ልቆጣ።

ሂሳቡን አብረን እንሥራ። አንድ ቅምሻ፣ ማለትም በአንድ እርሻ የሚቀርብላችሁ፣ ብዙ ጊዜ አምስት ስድስት ዓይነት ወይን አለው። ለእያንዳንዱ የሚቀዳላችሁ ከ30 እስከ 50 ሚሊ ሊትር ቢሆን ነው። ብርጭቆው ሰፊ ስለሆነ ታች የቀረችው ወይን ታሳዝናለች። ግን ስድስት ጊዜ 50 ማለት 300 ሚሊ ሊትር ነው። ጠርሙሱ የሚይዘው 750 ነው። እንዲህ እያላችሁ አምስት ቦታ ከዞራችሁ ሁለት ሙሉ ጠርሙስ ጠጥታችኋል። ወይን ደግሞ በአብዛኛው ከ12 እስከ 14 ከመቶ አልኮል አለው። ጤነኛ ሰው ጠዋት ተነስቶ «ዛሬ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ሁለት ጠርሙስ ብቻዬን እጨርሳለሁ» አይልም። ሰንጠረዡ ላይ የጻፈው ግን ይህንኑ ነው።

ስካሩን እንኳ ተዉት። ምላስ ይደክማል። ቀይ ወይን ውስጥ ያለው ታኒን፣ ያ ድድን የሚያደርቀው ነገር፣ በየብርጭቆው እየተደራረበ ይሄዳል። ከሦስተኛው ቦታ በኋላ «ይሄኛው እንዴት ነው?» ስትባሉ መልሱ «ቀይ ነው» ይሆናል። ለዚያ ደግሞ ያን ሁሉ መንገድ መሄድ አያስፈልግም ነበር።

መንገዱም ራሱን የቻለ ጉድ ነው። ወይን ብዙ ጊዜ ቁልቁለት ይወዳል። ስለዚህ ካርታው ላይ 12 ኪሎ ሜትር የተባለው ተራራውን እየተጠማዘዙ መውጣትና መውረድ ሊሆን ይችላል። ፖርቱጋል ውስጥ ዶውሮ የሚባል ሸለቆ አለ፤ ፖርት የሚባለው ወይን አገሩ እዚያ ነው። ድንበሩ በሕግ የተከለለው በ1756 ነው። ዩኔስኮም በ2001 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። እኔ በመጀመሪያው ጉዞዬ ለዚህ ሸለቆ የመደብኩት አንድ ቀን ነበር። ስድስት እርሻ።

አራተኛው ጋ ስንደርስ አርባ ደቂቃ ዘግይተናል። በረንዳው ላይ ተቀመጥን። ከታች ወንዙ ይታያል። በድንጋይ የተካበው እርከን እስከ ውሃው ድረስ ይወርዳል። ባለቤቱ፣ አንድ አዛውንት፣ የሚቀዳውን ቀድተው ሲጨርሱ ወደ ጓዳ ገቡና አቧራ የለበሰ ጠርሙስ ይዘው ወጡ። አባታቸው በርሜል ውስጥ ያስቀመጡት ፖርት ነው። «ይሄ ለሽያጭ አይደለም፤ ለእናንተ ነው» አሉን። እኔ ሰዓቴን አየሁ። «ይቅርታ አባቴ፣ ሌላ ቀጠሮ አለን» አልኩ። አጠገቤ ያለው ጓደኛዬ በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠኝ፤ አልገባኝም። ተነስተን ሄድን። አምስተኛው ቦታ ስንደርስ በሩ ተዘግቷል።

ያቺን ጠርሙስ ጓደኞቼ እስከ ዛሬ ያነሱብኛል። ልደቴ ላይ ሳይቀር።

አሁን የምሠራው እንዲህ ነው። በቀን ሁለት ቦታ፤ አንዱ ከምሳ በፊት፣ አንዱ ከምሳ በኋላ። ሦስተኛ የሚጨመረው በእግር የሚደረስ ከሆነ ብቻ ነው። ምሳ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ይወስዳል፤ በባዶ ሆድ ቅምሻ የሚገባ ሰው ደግሞ ለእኔ ጓደኛዬ አይደለም። ከሰዓት በኋላ አንድ ሰው ሣር ላይ ጋደም ብሎ እንቅልፍ ከወሰደው ጉዞው ሰምሯል ማለት ነው።

«እሷ አትጠጣም፣ እሷ ትንዳ»

ይህንን የምጽፈው እያፈርኩ ነው።

በየቡድኑ የማይጠጣ ሰው አለ። በእምነቱ፣ በጤናው፣ በእርግዝና ወይም ዝም ብሎ ስለማይወደው። ፕላን የሚያወጣው ሰው ይህን ሲሰማ ፊቱ ይበራል፦ ሹፌር ተገኘ! እኔም ፊቴ በርቶ ነበር። አንዲት ጓደኛችንን ሦስት ቀን አስነዳናት። እኛ ምድር ቤት ወርደን በርሜል ስናሸት፣ እሷ መኪና ማቆሚያው ላይ በሩን ከፍታ፣ አንድ እግሯን ወደ ውጭ ዘርግታ፣ የሞቀ የፕላስቲክ ውሃ ትጠጣለች። እኛ እየሳቅን እንመለሳለን። እሷ ሞተር ታስነሳለች። በሦስተኛው ማታ ቁልፉን ሳህኔ አጠገብ አስቀመጠችና «ነገ የምሄድበት አለኝ» አለች። በማግስቱ ብቻዋን ባቡር ተሳፍራ ስትዞር ዋለች። ማታ ስትመለስ ከሁላችንም ይልቅ ያረፈችው እሷ ነበረች።

የማይጠጣ ሰውም ለዕረፍት ነው የመጣው። ምድር ቤቱን ማየት፣ ታሪኩን መስማት፣ ብርጭቆውን ማሽተት ይችላል። ቀጠሮ ስታስይዙ «አንዷ አትጠጣም» ብላችሁ ንገሯቸው፤ ብዙዎቹ ያልፈላ የወይን ጭማቂ ወይም ሌላ የሚጠጣ ነገር ያዘጋጃሉ።

መንዳቱስ? ቢያንስ ለአንድ ቀን ሚኒባስ ከነሹፌሩ ተከራዩ። ለስድስት ሰው ሲካፈል እንደምትፈሩት አይደለም። ወይም መኪና የማያስፈልግበትን ቦታ ምረጡ። በዶውሮ ከፖርቶ ከተማ የሚነሳው ባቡር በኋላ ላይ ወንዙን ታኮ እስከ ፒኛው መንደር ይወስዳችኋል። ደቡብ አፍሪካ ፍራንሽሁክ ውስጥ እርሻ ለእርሻ የሚያዞር ትራም አለ። ፈረንሳይ አልዛስ ውስጥ መንደሮቹ ተቀራራቢ ስለሆኑ ሰው በብስክሌት ይጓዛል።

«ቀመስኩ እንጂ አልጠጣሁም» የሚለውን ለፖሊስ አትሞክሩት። በፈረንሳይና በጣሊያን ለተራ አሽከርካሪ የተፈቀደው በአንድ ሊትር ደም 0.5 ግራም አልኮል ነው። ይህም ቢሆን ከምታስቡት በላይ ቶሎ ይሞላል። ሀንጋሪ ውስጥ ደግሞ ጭራሽ ዜሮ ነው። ዝነኛው የቶካይ ጣፋጭ ወይን የሚጠመቀው እዚያው ሀንጋሪ ውስጥ ነው፤ ስለዚህ በአንድ ጉንጭ ጣጣ ውስጥ ትገባላችሁ።

መትፋትን እንደ ነውር ማየት

ቅምሻ ላይ ወይኑን ቀምሶ መትፋት ያለ ነው፤ ጀማሪዎች ግን እዚህ ላይ ያሳዝኑኛል። የሰው መስተንግዶ እንዴት ይተፋል? ብለው በይሉኝታ ሁሉንም ይውጡታል። ጠማቂው ራሱ እኮ ቀኑን ሙሉ የሚተፋ ሰው ነው። ጠረጴዛው ላይ ያለው ባልዲ ለዚሁ ነው የተቀመጠው። ብርጭቆ ውስጥ የተረፈውንም እዚያው መድፋት ይቻላል፤ ማንም አይቀየምም።

የሚያሳፍራችሁ አተፋፉ ከሆነ ቤት ውስጥ በውሃ ተለማመዱ። ከንፈራችሁን ለፉጨት እንደምታሞጠሙጡት አሞጥሙጡና በአንድ ትንፋሽ ወደ መታጠቢያው ልቀቁት። ዝግ ካላችሁ አገጭ ላይ ይወርዳል። ነጭ ሸሚዝ ለብሳችሁ አትጀምሩ።

አንድ ወዳጄ ባልዲውን የውሃ ማሰሮ መስሎት ብርጭቆውን ሊሞላ አንስቶት ነበር። በአየር ላይ ነው የያዝነው። ስሙን አልጠራም፤ ራሱን ያውቃል።

ሳያስይዙ መሄድ

ትልልቆቹ እርሻዎች በር ላይ ለመጣ ሁሉ ይቀዱ ይሆናል። ትንንሾቹ ግን፣ ደስ የሚሉት እነሱ ናቸውና፣ ቤተሰብ ናቸው። የሚቀዳላችሁ ሰው ያው ጠዋት ትራክተር ላይ የነበረው ነው። ፈረንሳይ ቦርዶ ውስጥ ስመ ጥሮቹ የወይን ቤቶች ያለ ቀጠሮ አያስገቡም፤ እሑድ የሚዘጉም ብዙ ናቸው። ስድስት ነን ብላችሁ ዘጠኝ ሆናችሁ አትሂዱ። ከቀራችሁም ደውሉ።

ሁሉም ሰው በለቀማ ሰሞን መሄድ ይመኛል። በሰሜኑ የዓለም ክፍል ከነሐሴ እስከ ጥቅምት፣ በደቡቡ ደግሞ ከጥር መጨረሻ እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ነው። ማየቱ ያምራል፤ አልክድም። ግን ዓመቱን ሙሉ የለፉበት ፍሬ ዝናብ ሳይመታው ለማስገባት የሚሮጡ ሰዎችን «እስቲ ስለ አፈሩ ንገሩን» ማለት ሙሽራን በሠርጓ ቀን ምግብ አብስይልን እንደማለት ነው። ከለቀማው በፊት ባሉት ወራት ሂዱ፤ ዘለላው ተንጠልጥሎ ታዩታላችሁ፣ ባለቤቱም ቁጭ ብሎ ያወራችኋል።

ትንንሾቹ

ሽቶ አትቀቡ፤ የእናንተን ብቻ ሳይሆን የጎረቤታችሁንም ብርጭቆ ነው የምታበላሹት። ጥርሳችሁን ፍቃችሁ ወዲያው አትቅመሱ። ተረከዘ ረጅም ጫማ ጠጠር ላይ ምን እንደሚሆን ለማንም ማስረዳት ያለብኝ አይመስለኝም። ጃኬት ያዙ፦ ሻምፓኝ አካባቢ ሬምስ ከተማ ሥር ያሉት በኖራ ድንጋይ ውስጥ የተቦረቦሩ ምድር ቤቶች በበጋ ሙቀትም ከ10 እስከ 12 ዲግሪ ናቸው።

ከሌላ እርሻ በጭቃ የተለወሰ ጫማ አድርጋችሁ ወይኑ መሀል አትግቡ። ይሄ ኩራት አይደለም። ፊሎክሴራ የምትባል ሥር የምትመጥ ደቃቅ ተባይ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ የአውሮፓን ወይን ልትጨርሰው ነበር። የዳነው ተባዩን በሚቋቋም የአሜሪካ ወይን ሥር ላይ የአውሮፓውን ቅርንጫፍ በመቀጠል ነው። በአፈርም ትዞራለች፤ ጫማ ይበቃታል። ደቡብ አውስትራሊያ እስካሁን ነጻ ስለሆነ በዚህ ነገር ቀልድ አያውቁም። ሳይጠይቁ ፍሬ መቅጠፍም ይቅር። የተረጨ ኬሚካል ሊኖረው ይችላል።

አዋቂ መምሰል

አንድ ጊዜ አንድ ጠማቂ ፊት ብርጭቆዬን አሽከርክሬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ «የበርሜሉ እንጨት ጎልቶ ይሰማኛል» አልኩ። ሰውየው በትሕትና ፈገግ አለ። «ይሄኛው በርሜል አይቶ አያውቅም። ብረት ጋን ውስጥ ነው የቆየው።» ጓደኞቼ ያን ቀን «እንጨቱ» ብለው ስም አወጡልኝ።

ሌላዋ ጓደኛችን ደግሞ ጆርጂያ ውስጥ፣ ካኬቲ የሚባል የወይን አካባቢ ላይ፣ ወርቃማ ብርቱካን የመሰለ ወይን ሲቀዳላት «ይሄ ነጭ ወይን ተበላሽቷል» ብላ መለሰችው። አልተበላሸም። እዚያ ወይኑን ከነልጣጩ መሬት ውስጥ በተቀበረ የሸክላ ጋን ውስጥ ያፈሉታል፤ ቀለሙም ድዱን የሚይዘው ነገርም የሚመጣው ከዚያ ነው። ከመፍረድ በፊት መጠየቅ ይቀላል። ደግሞ ጠማቂዎች ሲጠየቁ ደስ ይላቸዋል። «አልወደድኩትም» ማለትም ይቻላል።

ሞቅ ሲል መግዛት፣ ሂሳብም ሳይነጋገሩ መሄድ

ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ከምትወዷቸው ሰዎች ጋር፣ ሦስተኛው ብርጭቆ ላይ የማይጣፍጥ ወይን የለም። ስለዚህ ስሙን ጻፉ፣ እደሩበት፣ ጠዋት ግዙ። አንድ የሞላ ጠርሙስ ብዙ ጊዜ 1.2 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ አንድ ደርዘን ማለት ሻንጣችሁ አለቀ ማለት ነው። በእጅ ሻንጣ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ፈሳሽ በብዙ ኤርፖርቶች ስለማያልፍ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ በልብስ ጠቅልሉት። የምትገቡበት አገር ጉምሩክ ስንት ጠርሙስ እንደሚፈቅድም ቀድማችሁ እዩ። የገዛችሁትን ደግሞ መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ ትታችሁ ምሳ አትግቡ። እኔ ገብቻለሁ። ስንመለስ ሁለት ቡሽ ከአንገቱ ብቅ ብሏል፤ ወይኑም የተቀቀለ ፍራፍሬ ፍራፍሬ ይላል።

ገንዘቡን ሳትነሱ ተነጋገሩ። አንዱ ውዱን ቅምሻ ይፈልጋል፣ ሌላው ርካሹን፣ ሦስተኛው ምንም። ለትራንስፖርትና ለምሳ እኩል አዋጥታችሁ አንድ ሰው ጋ አስቀምጡ፤ ቅምሻና ግዢ ግን ለየራስ ይሁን። ለስድስት ሰው ሂሳብ ጠረጴዛ ላይ በካልኩሌተር ሲከፈል ማየት የስንት ዓመት ጓደኝነትን ያስረጃል።

ወዳጄ ትናንት አዲሱን ፕላን ላከችልኝ። ሃያ ሁለቱ እርሻ ወደ ዘጠኝ ወርዷል። ምሳ ሁለት ሰዓት አግኝቷል። ሚኒባስ ከነሹፌሩ ተይዟል። ሦስተኛው ቀን ላይ ግን አሁንም አራት እርሻ አለ። ደውዬ ጠየቅኋት። «አንዱ እኮ ትንሽ ነው» አለችኝ።