ያልከረመ ቢራ እንዴት ይገዛል?

ቢራ በቆየ ቁጥር አይጥምም። ከፋብሪካ በወጣበት ሰሞን ያለው ጣዕም ከዚያ በኋላ እየቀነሰ ነው የሚሄደው። ይህን ያስተማረኝ አጎቴ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ቢራ በአይሱዙ ሲያከፋፍል የኖረ ሰው። የመጀመሪያ ቢራዬንም የጋበዘኝ እሱ ነው።

ማትሪክ የጨረስኩ ሰሞን፣ ካዛንቺስ፣ አንዲት ጠባብ ግሮሰሪ ውስጥ። አስተናጋጇ "ቀዝቃዛ ወይስ ኖርማል?" ስትል አጎቴ ቀደመኝና "ለሱ ኖርማል" አላት። ጊዮርጊስ መጣ። እኔ እንደ ለስላሳ የሚጣፍጥ ነገር ነበር የጠበቅኩት። ፊቴን ሳጨማድድ ሳቀብኝ። "ምሬቱን ተወው። ከዋጥክ በኋላ አፍህ ላይ ምን ይቀራል?" አለኝ። ዳቦ ዳቦ ይላል አልኩት። "እሱ ብቅሉ ነው። እሱን ካጣኸው ቢራው ከርሟል።"

ኖርማል ያዘዘልኝ በምክንያት ነው። በጣም የቀዘቀዘ ቢራ ጉዱን ይደብቃል። የማታውቁት ቤት ከገባችሁ የመጀመሪያዋን ኖርማል እዘዙ። አየር የነካው፣ የቆየ ቢራ የረጠበ ካርቶን ካርቶን ይላል። አንዴ ካወቃችሁት አትስቱትም።

ሲገዙ ግን መቅመስ የለም፤ ቀኑን ማየት ነው። አንዳንዱ ጀርባው ላይ ባለው ወረቀት፣ አንዳንዱ አንገቱ ላይ፣ አንዳንዱ ቆርኪው ላይ ይታተማል። የስልክ መብራት ካላበራችሁ የማይነበብም አለ። አቆጣጠሩ የፈረንጅ ከሆነ ወሩን እንዳታምታቱ፦ 05 ማለት ግንቦት ገደማ ነው እንጂ ጥር አይደለም። ደግሞ "የማብቂያ ቀኑ አልደረሰም" ሲሏችሁ አትዘናጉ። ያ የሚነግራችሁ አለመበላሸቱን እንጂ መጣፈጡን አይደለም። እኔ የማየው የተመረተበትን ነው። ሦስት ወር ያልሞላው ከሆነ እሰየው። ስድስት ካለፈ ሌላ ዓይነት አዛለሁ።

ጠርሙሱ ወገቡ ላይ ነጭ ነጭ ሆኖ ተፋፍቆ ካያችሁ አትደንግጡ። ያ ጠርሙሱ ብዙ ጊዜ ታጥቦ መሞላቱን ነው የሚያሳየው፤ ውስጡ ያለው ቢራ የትናንት ሊሆን ይችላል። የሚያሳስበው ትከሻው ላይ የተጋገረ አቧራ፣ ቆርኪው ስር ዝገት፣ ወደ ብርሃን ስታነሱት ደግሞ ውስጡ የሚንሳፈፍ ብናኝ ነው።

ከቀኑ እኩል ወሳኙ ሙቀት ነው። ጠማቂዎች የሚጠቀሙበት ግምታዊ ስሌት አለ፦ በ32 ዲግሪ 3 ቀን፣ በ22 ዲግሪ 30 ቀን፣ በ3 ዲግሪ 300 ቀን ቢራውን እኩል ያስረጁታል። ስለዚህ አዲስ አበባ ጓዳ ውስጥ ወር የተቀመጠ ሳጥን፣ ድሬዳዋ ቆርቆሮ ስር ሦስት ቀን ከዋለው ጋር አንድ ነው። ፀሐይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አላት። ብርሃን ሆፕን (በጠላ ቤት የጌሾን ሥራ የሚሠራውን ተክል ማለቴ ነው) ሲያገኘው የሚከረፋ ሽታ ይፈጥራል። ቡናማ ጠርሙስ አብዛኛውን ይከላከላል። አረንጓዴና ነጭ ጠርሙስ ግን እምብዛም ነው፤ ደጅ ተደርድሮ ፀሐይ ሲሞቅ የዋለ ካያችሁ እለፉት።

የአጎቴ ዋናው ምክር ግን ይሄ ነበር፦ የምትወደውን ሳይሆን ሰፈሩ የሚጠጣውን ግዛ። ሰው የሚሻማበት ቢራ ሳጥኑ ቶሎ ቶሎ ይራገፋል። አንድ ሰው ብቻ የሚያዘው ዓይነት መደርደሪያ ላይ ይከርማል። በሁዳዴ ጠጪው ስለሚቀንስ፣ ፋሲካ ማግስት የሚቀርብላችሁ ከፆሙ በፊት የገባ እንዳይሆን ቀኑን ደግማችሁ እዩ። ፍሪጁም ያታልላል። አዲስ የገባው ፊት ፊት ስለሚደረደር ጥጉ ላይ የተረሱ አሉ። "እትዬ፣ አዲሱ ሳጥን የቱ ነው?" ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ባለቤቷ ካወቀቻችሁ ራሷ መርጣ ታመጣላችኋለች።

ድራፍት ከሆነ ሕጉ ይለያል። በርሜሉ መቼ እንደተከፈተ ጠይቁ፤ ግርግር ያለበት ቤት በአንድ ምሽት ይጨርሰዋል፣ ጭር ያለ ቤት ሳምንት ይጎትተዋል። ቤቱ እንደተከፈተ የሚቀዳው የመጀመሪያው ጃምቦ ሌሊቱን ቱቦው ውስጥ ያደረ ነው፤ ለሌላ ሰው ይሁን። ቅቤ ቅቤ ወይም ኮምጠጥ ካለ ቱቦው አልታጠበም። አረፋው ወዲያው ከጠፋ ግን ቢራው ላይ አትፍረዱ፣ ብርጭቆው ቅባት ነክቶት ሊሆን ይችላል።

ቤት ስታስቀምጡ ጠርሙሱን አቁሙት። ጨለማና ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ይበቃል፤ አልጋ ስርም ይሆናል። ምድጃ አጠገብና መኪና ውስጥ ግን አይሆንም። ፍሪዘር ውስጥ ረስታችሁት በረዶ ከሠራ ደግሞ ሲቀልጥ ያው ብናኝ ይወጣዋል።

ለሰርግ ወይም ለክርስትና በሳጥን የምትገዙ ከሆነ፣ ከመጫኑ በፊት ከተለያዩ ሳጥኖች አንዳንድ ጠርሙስ እየሳባችሁ ቀኑን አመሳክሩ። ላይ ያለው አዲስ ሆኖ ታች ያለው የከረመ ሊሆን ይችላል። ያልተከፈተ ሳጥን እንደሚመልሱላችሁም ሒሳብ ከመክፈላችሁ በፊት ተነጋገሩ። ግሮሰሪ ውስጥ ከሆናችሁም አስተናጋጁ መክፈቻውን ሳያነሳ ቀኑን እዩት። ቆርኪው ከተነሳ "ቀይርልኝ" ማለት ጭቅጭቅ ነው።