«ፒክ አፕ»ን እንዴት እንጠቀምበት?

ደሴ ላይ «ፒክ አፕ» ሲባል ቶሎ የሚመጣልን ከኋላው ጭነት የሚይዘው መኪና ነው። እንግሊዝኛው ላይ ግን ግስም ነው፤ ያውም ሥራ የበዛበት ግስ። ትርጉሞቹን በዝርዝር አትሸምድዱ፤ በዚህ ቅደም ተከተል ያዙት።

መጀመሪያ «ማንሳት»ን ያዙ። የወደቀ ቁልፍ ይነሳል፤ የሚጮህ ስልክም ይነሳል። ለሁለቱም ፒክ አፕ ነው። እስከዚህ አማርኛችን ራሱ ያግዘናል።

ቀጥሎ ሰው መውሰድ። አውሮፕላኑ የሚያርፈው ኮምቦልቻ ስለሆነ የደሴ ሰው ይቺን ሳይፈልጋት አይቀርም። «ካን ዩ ፒክ ሚ አፕ ፍሮም ዚ ኤርፖርት?» ማለት «ኤርፖርት መጥተህ ትወስደኛለህ?» ነው። «አፕ»ን እንዳትረሷት። «ፒክ ሚ» ብቻ ካላችሁ «ምረጠኝ» ብላችኋል፤ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ የሚመጣ መኪና የለም።

ሦስተኛው የቃላቱ ቦታ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ጋ ነው። ሚ፣ ዩ፣ ሂም፣ ኢት የመሳሰሉት መሃል ይገባሉ፦ «ፒክ ኢት አፕ»። «ፒክ አፕ ኢት» አይባልም። ዕቃው በስሙ ከተጠራ ግን «ፒክ አፕ ዘ ኪይ»ም «ፒክ ዘ ኪይ አፕ»ም ያስኬዳል። ላለፈ ጊዜ «ፒክት አፕ» ይሆናል። በፍጥነት ሲነገር «ፒክታፕ» ተብሎ ይጣበቃል፤ ፊልም ላይ የሚያመልጠን ለዚህ ነው።

ከዚያ እኔ የምወዳት ትርጉም ትመጣለች፦ ሳይማሩ መልመድ። ባቲ ሰኞ ገበያ ሲመላለስ ኦሮምኛ የለመደ ነጋዴ አስቡ። መጀመሪያ ቁጥሩን ያዘ፣ ከዚያ ሰላምታውን፣ ቀስ ብሎ ቀልዱንም። ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረውም። ስለእሱ ስናወራ «ሂ ፒክት ኢት አፕ አት ዘ ማርኬት» እንላለን። ደብተር ይዞ ክፍል የገባውን ግን «ለርንድ» በሉት።

ቀዝቅዞ የቆየ ሥራ ሲነቃቃም «ቢዝነስ ኢዝ ፒኪንግ አፕ» ይባላል። ጉንፋን ሲይዛችሁም ያው ነው፦ «አይ ፒክት አፕ ኤ ኮልድ»። ለደሴ ብርድ የምትሆን ዓረፍተ ነገር ናት።

አንድ ጥንቃቄ ብቻ። አራዶች «መጥበስ» የሚሉትም ፒክ አፕ ነው። ስለዚህ የጎረቤት ልጅ ከትምህርት ቤት ይዛችሁ ከመጣችሁ «አይ ፒክት አፕ ኤ ገርል» ብላችሁ እንዳትቆሙ። የማን ልጅ እንደሆነችና ከየት እንደወሰዳችኋት ጨምሩበት፦ «አይ ፒክት አፕ ማይ ኔበርስ ዶተር ፍሮም ስኩል»።