የፖስ ማሽን በሱቅ፦ ካርዱ ከገባበት ደረሰኙ እስኪወጣ

በባንክ ካርድ ክፍያ የሚቀበለውን የፖስ ማሽን ለማግኘት ንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና ማሽኑን በሚሰጠው ባንክ የተከፈተ ሒሳብ ያስፈልጋል። ኮሚሽን ስንት እንደሚቆረጥና ገንዘቡ መቼ ሒሳብ ውስጥ እንደሚገባ ከመፈረም በፊት ውሉ ላይ ይነበብ።

በቱሉ ዲምቱ፣ በለገጣፎ ወይም በቡራዩ ላለ ሱቅ ከዚያ የሚቀድመው ነገር የማሽኑ ቦታ ነው። ማሽኑ ከባንክ ጋር የሚገናኘው አብዛኛውን ጊዜ በውስጡ ባለው ሲም ካርድ ነው፤ የቆርቆሮ ሱቅና ኮንቴነር ደግሞ ኔትወርክ ያዳክማሉ። ከመደርደሪያ ጀርባ ሳይሆን ከበሩ ወይም ከመስኮቱ አጠገብ ይቀመጥ። መብራት ቶሎ ቶሎ በሚጠፋበት ሰፈር ማሽኑ ማታውን ቻርጅ ይደረግ፤ ባትሪ ሲደክም ቀድሞ የሚያስቸግረው ማተሚያው ነው።

ሽያጩ እንዲህ ይከናወናል። ከሜኑው ሽያጭ ተመርጦ ሒሳቡ ይጻፋል። ብዙዎቹ ማሽኖች የመጨረሻዎቹን ሁለት አኃዞች እንደ ሳንቲም ስለሚቆጥሩ 850 ብር ለማስከፈል የሚጫነው 85000 ነው። 850 ብቻ ከተጫነ ስምንት ብር ከሃምሳ ሳንቲም ይሆንና የሚታወቀው ደንበኛው ከሄደ በኋላ ነው። ስለዚህ ካርዱ ከመግባቱ በፊት ስክሪኑን ወደ ደንበኛው አዙሮ ማሳየት ነው።

ካርዱ ቺፑ ወደ ላይ ሆኖ ከታች ባለው ክፍተት ይገባል፤ ማሽኑ «አውጣ» እስኪል አይነካም። መሃል ላይ ከተነቀለ ግብይቱ ይቋረጣል። ቺፑ አልነበብ ካለ በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ጠረግ ማድረግ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ከዚያ ማሽኑ ለደንበኛው ይሰጥና የሚስጥር ቁጥሩን ራሱ ይጫናል። ቁጥሩን ጮክ ብሎ ነግሮ «አንቺው ጫኚልኝ» ማለት ለገንዘብ ተቀባይዋም ጥሩ አይደለም፤ ነገ ከሒሳቡ ገንዘብ ቢጠፋ መጀመሪያ የምትጠረጠረው እሷ ናት።

አረንጓዴው ቁልፍ ሲጫን ማሽኑ የሚስጥር ቁጥሩን አመስጥሮ ማሽኑን ወደሰጠው ባንክ ይልካል። ካርዱ የሌላ የኢትዮጵያ ባንክ ከሆነ ጥያቄው ባንኮቹን እርስ በርስ በሚያገናኘው በኢትስዊች በኩል ካርዱን ወዳወጣው ባንክ ያልፋል። ያ ባንክ ቁጥሩንና ቀሪ ሒሳቡን አይቶ ይፈቅዳል ወይም ይከለክላል፤ መልሱም በመጣበት መንገድ ይመለሳል። ሲከለከል የሚወጣውን ኮድ ማወቅ ጭቅጭቅ ያስቀራል፦ 51 ሒሳቡ አይበቃም፣ 55 የሚስጥር ቁጥሩ ተሳስቷል፣ 54 ካርዱ ጊዜው አልፎበታል፣ 91 ደግሞ ካርዱን ያወጣው ባንክ መልስ አልሰጠም ማለት ነው። በ91 ጥፋቱ የደንበኛውም የሱቁም አይደለም፤ ትንሽ ቆይቶ መሞከር ነው። 55 ከሆነ ግን ደጋግሞ መሞከር ካርዱን ያዘጋል።

ከሁሉ የከፋው ከደንበኛው ሒሳብ ተቆርጦ ማሽኑ ደረሰኝ ሳያወጣ ሲቀር ነው። ባንኩ ፈቅዷል፣ መልሱ ግን በኔትወርክ ምክንያት ማሽኑ ዘንድ አልደረሰም። እዚህ ላይ ቸኩሎ ሁለተኛ ማስከፈል አይገባም። የደንበኛው ስልክ ላይ የመቀነሻ መልእክት መግባቱ ይታይ፤ ከዚያ ከሜኑው የመጨረሻው ደረሰኝ በድጋሚ ይታተም። ወረቀቱ ላይ የዚህ ሽያጭ ሒሳብ ጸድቆ ከወጣ ክፍያው አልቋል። ካልወጣ ማሽኑ መልስ ያላገኘበትን ግብይት የሚሰርዝ መልእክት ይልካል፤ ብዙ ማሽኖች ይህን የሚልኩት ኔትወርክ ሲመለስ ወይም ቀጣዩ ግብይት ሲጀመር ነው። በንዴት አጥፍቶ መሳቢያ ውስጥ መወርወር የደንበኛውን ገንዘብ መመለስ ያዘገያል። ካልተመለሰ ደንበኛው ቀኑን፣ ሰዓቱንና መጠኑን ይዞ ካርዱን ወዳወጣው ባንክ ይሂድ፤ ሱቁ በእጁ ከሌለው ገንዘብ ሊመልስለት አይችልም።

ወረቀቱ በሙቀት የሚታተም ስለሆነ ቀለም የለውም። ባዶ ወረቀት ከወጣ ጥቅሉ ተገልብጦ ገብቷል፤ በጥፍር ሲጫር የሚጠቁረው ገጽ ነው የሚታተምበት። ጽሑፉ በፀሐይ ስለሚደበዝዝ ለሒሳብ የሚፈለገው ኮፒ ይደረግ፤ ላሚኔት ግን አይደረግ፣ ሙሉ በሙሉ ይጠቁራል። ይህ ወረቀት የካሽ ሬጅስተር ደረሰኝን አይተካም፤ ሁለቱም ይቆረጣሉ።

ማሽኑ ቢወድቅ ለሰፈሩ የሞባይል ጠጋኝ አይሰጥ። ሽፋኑ ሲከፈት ውስጡ ያለው፣ የሚስጥር ቁጥር የሚመሰጠርበት ቁልፍ ራሱን ያጠፋል፤ ከዚያ በኋላ ሊያነሣው የሚችለው ባንኩ ብቻ ነው።

ማታ ሱቁ ከመዘጋቱ በፊት ከሜኑው የቀኑ መዝጊያ ይሠራል። የሚታተመው ድምር ከደረሰኞቹ ድምር ጋር ይተያይ። የተሳሳተ ሽያጭ ካለ ከመዝጊያው በፊት በደረሰኙ ቁጥር እዚያው መሰረዝ ይቻላል፤ ከተዘጋ በኋላ ግን ጉዳዩ ወደ ባንክ ይሄዳል።