ስለ ኮስት ጋርድ ሲወራ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ድሬዳዋ ባሕር የላትም። የባሕር ወሬ ግን ሞልቷታል፤ ኑሮዋ ከጅቡቲ በሚመጣው ባቡርና ከባድ መኪና ነዋ። ከሰዓት በርጫ ላይ የመርከብ ፖለቲካ የማይተነትን የለም። ስለ ኮስት ጋርድ፣ ማለትም ስለ ባሕር ጠረፍ ጠባቂ፣ ደጋግሜ የምሰማቸው ስህተቶች እነሆ። (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

«አቦ፣ ኮስት ጋርድማ የባሕር ትራፊክ ፖሊስ ነው!»
ግማሹ ልክ ነው። የሰጠመ ያወጣል፣ ኮንትሮባንድ ይይዛል። ቻይና ግን በ2018 ኮስት ጋርዷን በጦሩ የበላይ ኮሚሽን ሥር አደረገችው። በ2021 የወጣው ሕጓ ደግሞ በውጭ መርከቦች ላይ መሣሪያ እንዲጠቀም ይፈቅድለታል። በደቡብ ቻይና ባሕር የፊሊፒንስን ጀልባዎች በውኃ መድፍ የሚመቱት የዚሁ ኮስት ጋርድ ነጭ መርከቦች ናቸው። በግንቦት ሙቀት እኛን ቢረጩን እንመርቃቸው ነበር፤ እዚያ ግን መስታወት ሰብሮ ሰው አቁስሏል።

ታዲያ የቻይና ባሕር ኃይል ለምን አልተላከም? ፊሊፒንስና አሜሪካ በ1951 የተፈራረሙት የመከላከያ ውል አለ። የጦር መርከብ ከተኮሰ በውሉ መሠረት አሜሪካም ልትገባበት የምትችል ጦርነት ሊነሳ ይችላል። ነጭ መርከብ ውኃ ሲረጭ ግን «ሕግ አስከበርኩ» ይባላል። ጨዋታው ያለው እዚህ ላይ ነው፦ ጥይት ሳይተኮስ ዓሣ አጥማጁ መምጣት ይተዋል፣ ባሕሩም የሌላ ይሆናል።

«መድፍ ያለው ያሸንፋል»
አይስላንድ ባሕር ኃይል የላትም። ከ1958 እስከ 1976 ግን በዓሣ ሰበብ ከእንግሊዝ ጋር ሦስት ጊዜ ተፋጠጠች። ኮስት ጋርዷ የእንግሊዞቹን የመረብ ገመድ እየቆረጠ ይለቅ ነበር። እንግሊዝ የጦር መርከቦቿን ላከች፤ መርከብ ከመርከብ ተላተመ። አይስላንድም ከኔቶ እወጣለሁ ብላ አስፈራራች። በመጨረሻ እንግሊዝ አይስላንድ ያወጀችውን የ200 የባሕር ማይል የዓሣ ማጥመጃ ክልል ተቀበለች።

«የትም አገር አንድ ነው»
አይደለም። የጃፓኑ በትራንስፖርት ሚኒስቴር ሥር ነው፤ እንደ ጦር እንዳይደራጅም ሕጉ ይከለክለዋል። የአሜሪካው በጦርነት ጊዜ ወደ ባሕር ኃይል ሊዛወር ይችላል።

«እኛን ምን አገባን?»
ይህቺን ስሰማ እስቃለሁ። በ2009 የባሕር ላይ ዘረፋን ለመከላከል ጅቡቲ ላይ በተፈረመው ስምምነት ውስጥ ወደብ አልባዋ ኢትዮጵያም አለችበት። ጅቡቲ በበኩሏ ቀጥላ በ2010 የራሷን ኮስት ጋርድ አቋቋመች። ባብ ኤል መንደብ፣ የቀይ ባሕር ደቡባዊ በር፣ ሲታወክ መርከብ ይዘገያል፣ ኢንሹራንስ ይወደዳል። ያን ጊዜ ታይዋን ሄዳችሁ ዋጋ ጠይቁ። እዚሁ ድሬዳዋ ያለውን ገበያ ማለቴ ነው፤ ደሴቲቱማ የራሷ ጣጣ አለባት፣ በ2024 በልምምድ ስም ዙሪያዋን ከከበቧት መካከል እነዚሁ የቻይና ነጭ መርከቦች ነበሩ።